ከቢግ ቤንድ ምድረ በዳ በራዲዮ ስለ መነጋገር

በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት፥ ሪዮ ግራንዴ የተባለው ወንዝ ከሜክሲኮ በሚያዋስነው ስፍራ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1944 የተቋቋመ ቢግ ቤንድ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከማራቶን ከተማ በአውቶሞቢል ተነሥተን ወደ ደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ቤቱ እየጠፋ፥ እሾሁ እየበዛ፥ የኪስ ስልካችንም ዝም እያለ ሄደ።

የሄድንበት ጉዳይ አማተር ራዲዮ ነው። ይህም ከመንግሥት ፈቃድ የተቀበሉ ሰዎች ያለ ዋጋ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። በደንባቸው መሠረት ከፓርክ ሆኖ ለሚጣራ ሰው ሥራው የሚቈጠርለት የግሪንዊች ቀን ሳያልቅ 10 ጣቢያዎች ሲመልሱለት ነው፤ ያም ቀን በቴክሳስ በብርዱ ወራት የሚያልቀው በምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

10 ሜትር የሚሆን ሽቦ በዘንግ ሰቅለን በ14 ሜጋኸርዝ ተጣራን። የባትሪያችን ኀይል ትንሽ ቢሆንም ማዕበሉ ከላይኛው አየር እየተመለሰ ሩቅ አገር ይወርዳል፤ የከተማ ኤሌክትሪክ ሁከትም በዚያ ስለሌለ ደካማው መልስ ይሰማል። 9 ጣቢያዎች ፈጥነው መለሱ፤ ዐሥረኛው ግን ዘገየ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጃችን፥ «አባባ፥ ሰው አለ» አለ። እኛ ከሹክሹክታ በቀር አልሰማንም። የጥሪ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምን፤ ሌሎቹም ጣቢያዎች ዝም ብለው ስፍራ ለቀቁለት። በችሎት እንደ ለመድነው ያልሰማነውን ፊደል በመዝገብ አላገባንም። 12 ሰዓት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው ስሙ ተሟልቶ ተጻፈ።

ልጁ ሌላው ሲናገር ዝም ማለትን፥ የደከመውንም ድምፅ ታግሦ መስማትን እንዲማርለት የሚሻ ወላጅ ይህን ጉዞ ቢያደርግ የመንገዱ ርቀት አያስቈጨውም።