ልጄን ቴአትር ቤት ላሳያት

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ሬዲዮ ልከፍት ስነሳ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ቴአትር ነው የምማረው» አለችኝ። «ልማር ወይ?» አላለችም። «የምማረው» ነው ያለችው።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቅጽበት ምላሴ ላይ የመጣው ቃል የእኔ አልነበረም፤ የአባቴ ነበር። አባቴ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቃላቸው ግን አፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሲጠብቅ ኖሯል። «አዝማሪ ልትሆኚ?» ልል ስል ዋጥኩት።

«ጥሩ» አልኳት በመጨረሻ። «ሰው ሲዳር እንኳ የሚገባበትን ቤት አይቶ ነው። እስቲ መጀመሪያ ቤቶቹን እንያቸው።»

ልጅቱ ደስ አላት። እናቷ ግን ባሕርዬን ስለምታውቅ በዓይኗ ገረመም አደረገችኝ። አልተሳሳተችም። እኔ ያሰብኩት አሳይቼ ላስተዋት ነበር። የተላጠ ቀለም፣ የሚንቋቋ ወንበር፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ ካየች ራሷ ትመለሳለች ብዬ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ሳላነሳ ብቀጥል ወሬዬ ጎዶሎ ይሆናል። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በ1963 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋጀ አንድ ድራማ ላይ ተጫውታ ሰው ሁሉ ካጨበጨበላት ወዲህ ልቧ ቤት አልቀመጥ አለ። «ጓደኛዬ ዘንድ ላጠና» እያለች ልምምድ ወደሚደረግበት ትሄዳለች፤ የቀረ ተጫዋች ሲኖር በእሱ ቦታ ቃል ታነባለች። ይህን በቤታችን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። ዝም እንድል ከረሜላ ትገዛልኝ ነበር። አንድ ቀን ከረሜላው ቀረ፤ እኔም ለአባቴ ተናገርኩ። ነገሩ እንዲህ ቀላል፣ እንዲህም አሳፋሪ ነው።

አባቴ አልመቷትም። «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» አሉና በሳምንቱ የታይፕ ትምህርት ቤት አስገቧት። ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ ወጣች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ብዙውን እሁድ ከሰዓት ነጠላዋን ደርባ ብቻዋን ቴአትር ስትሄድ ኖራለች። የት እንደምትሄድ አባቴ ጠይቀዋት አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ጉብኝታችንን ከፒያሳ ጀመርን። በመንገድ ላይ፣ አባት ነኝና፣ ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የቀረበው በቴአትር ቤት አልነበረም፤ በቴራስ ሆቴል አዳራሽ ነው እንጂ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት የአገራቸውን አስተዳደር ጉድ በአውሬዎች አፍ አናገሩት። መኳንንቱ ተመለከቱ፤ በአውሬዎቹም ውስጥ የገዛ መልካቸውን አዩ። ቴአትር ለጊዜው ተከለከለ።

«ስለዚህ ሲጀመርም ተከራይ ነበር ማለት ነው» አለች ልጄ። እኔ ስለ መከልከሉ ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ እሷ የያዘችው ሆቴሉን ነው።

ሀገር ፍቅር ደረስን። ይህ ቤት በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጣሊያን ድንበር ከመሻገሩ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ አነሳሽነት የተቋቋመ ማኅበር ውላጅ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ለቴአትር ተብሎ አልነበረም። ሕዝቡ ለመጣበት ጦርነት ልቡን እንዲያዘጋጅ ንግግር ሊደረግበት ነው። ነገር ግን ሰው በንግግር ብቻ አይቆምምና በመሐል ዘፈንና ቀረርቶ ገባ። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ሲነሳ ዘፈኑና ጨዋታው ዋናውን ቦታ ያዘ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ መሰንቆና ክራር፣ በጠጅ ቤት ደጅ ሲናቅ የኖረው፣ እዚህ መድረክ ላይ ወጥቶ ተጨበጨበለት። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ከወሊሶ መጥቶ የጀመረው እዚሁ ነው።

«በዚያን ዘመን» አልኳት፣ አሁን ያዝኳት ብዬ፣ «የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ልጁን ለመድረክ የሚሰጥ ቤተሰብ ጠፍቶ።»

ቆም አለች። «አባዬ፣ አንተ ያኔ አባት ብትሆን ኖሮ ትሰጥ ነበር?»

ዝናቡ ጣለና ከመመለስ ተረፍኩ።

ማዘጋጃ ቤት በሌላ ቀን ሄድን። ከፒያሳ በላይ ጉብ ብሎ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ይህ ባለ ሰዓት ማማ ሕንጻ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው የጣሊያናዊው የአርቱሮ መዘዲሚ ሥራ ነው፤ የተመረቀውም በ1957 ዓ.ም. ነው። እኔ ቤቱን የማውቀው በግብርና በካርታ ጉዳይ ስመላለስ ነበር። ቴአትር አዳራሽ እንዳለው ባውቅም ፋይል ይዤ ስሮጥ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አዳራሹ ሰፊ፣ መድረኩም የከተማ ከንቲባ የሚያኮራ ዓይነት ነው። ልጄ ከኋላ ወንበር ቆማ ቀስ ብላ አንድ ቃል ተናገረችና ድምፅዋ የት እንደሚደርስ አዳመጠች። ምን እንዳለች አልሰማሁም።

«ይኸኛውም ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ቤት ነው» አለች ስንወጣ። «ቴአትር አንድ ክፍል ተከራይቷል።»

ራስ ቴአትርን ያሳየኋት በወሬ ነው፤ ወደ መርካቶ አልወረድንም። ራስ በፊት ሲኒማ ነበር፤ በደርግ ዘመን ነው ቴአትር ቤት የሆነው። የመርካቶ ተመልካች ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ አይደለም። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ተሸካሚው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይገባል። አንድ ጊዜ፣ ተንኮለኛዋ ሴት ለባሏ ወተት ስታቀርብ፣ ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ ብድግ ብሎ «አትጠጣው! መርዝ አለው!» ብሎ ጮኸ። ተጫዋቹ ጽዋውን ይዞ ለአፍታ ዞር ብሎ ተመለከተው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቴአትር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሰውዬ ያመነ ተመልካች ግን አላየሁም።

ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። ወሬዬ በተቃራኒው መሥራት እንደጀመረ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

የመጨረሻ ተስፋዬን የጣልኩት በአንድ የሥራ ቀን ትርዒት ላይ ነው። የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ በዚያ ሰሞን የትም ቢሆን ያው ነበርና። የአማርኛ ፊልም በየሲኒማው ሰልፍ ካስያዘ፣ የቴሌቪዥን ድራማም ሰዉን ሳሎኑ ካስቀመጠ ወዲህ፣ ቴአትር ቤት ከእሁድ በቀር ጭር ማለቱን የማያውቅ የለም። ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት ሰው ነበርን። ወንበሬ እንደጠበቅሁት ይንቋቋል። ጨዋታው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ደግሞ መብራት ጠፋ።

በልቤ «ተመስገን» አልኩ። አሁን ሰዉ እየተነሳ ይወጣል፣ ልጄም ታያለች ብዬ። ከመድረክ ላይ ግን የሴቲቱ ድምፅ አልተቋረጠም። ልጇን የቀበረች እናት ሆና ነበር የምትጫወተው፤ በጨለማው ውስጥ ቃሏን ቀጠለች። ከዚያ አንድ ሰው የሞባይሉን ባትሪ አበራ። ሌላው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ አርባ ሦስታችንም፣ እኔ ጭምር፣ እጃችንን ዘርግተን ለአርባ ደቂቃ ያህል መድረኩን አበራን። ክንዴ ዝሎ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ማውረድ ግን ነውር መስሎ ታየኝ። ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱን፤ እኛም ቆመን አጨበጨብን።

ልጄ በታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤት ደጃፍ ስንደርስ፣ «ሴትዮዋን አየሃት አባዬ?» ብቻ አለች። አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ብሔራዊ ቴአትር የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። «እትዬ፣ ከእኛ ጋር ብትመጪስ» ስላት እህቴ በዕድሜዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ነገር በመጠየቄ ተገርማ አየችኝ፤ ነጠላዋን ግን አነሳች። ያን ዕለት የተናገርኩት እኔ ሳልሆን እሷ ናት።

አንበሳው ዘንድ ቆመን ለልጄ አስረዳቻት። ድንጋዩን የጠረበው ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሕንጻውን ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ሳይጨርሱት ቀሩ፤ በሌላው ፈረንሳዊ በአንሪ ሾሜ ንድፍ ተጠናቆ፣ ለንጉሡ የዘውድ ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። መክፈቻው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለወጠ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን በአማርኛ ያናገሩት በዚህ ከተማ መድረክ ነው፤ ቤቱንም በኃላፊነት መርተዋል። ሥራዎቻቸው በየመንግሥቱ መታገዳቸውን ስትነግራት፣ ልጄ «እንደ አውሬዎቹ» አለች። እትዬ ሳቀች። ከዚያ ስለ አስናቀች ወርቁ አወራቻት፤ ስለ ክራሯ፣ ስለ ትወናዋ፣ ሴት መድረክ ላይ ስትቆም የሚወረወርባትን ስም ሰምታ እንዳልሰማች ስላለፈችው። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ እትዬ ለቀብሯ ጥቁር መልበሷ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ ለምን እንደለበሰች አልጠየቅኋትም ነበር።

በዕረፍቱ ሰዓት ልጄ ሻይ ልትገዛልን ሄደች። ከእህቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። አርባ ስምንት ዓመት የያዝኩትን ነገር ያወጣሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

«እትዬ፣ ያኔ ለአባባ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

መድረኩን እያየች ዝም አለች። መጋረጃው ወርዷል፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ዕለት ማታውኑ አውቄያለሁ። አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፤ ልጅ ነህ ብዬ ተውኩህ።» ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየችው። «አሁን ግን ስድሳ አልፎሃል።»

ሌላ አልጨመረችም። ሻዩም መጣ።

ልጄ በመስከረም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቴአትር ጥበባት ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ በዲግሪ እንደሚሰጥ ደጋግማ ነግራኛለች፤ «አዝማሪነት በዲግሪ» ብዬ ስቀልድ ግን ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ትምህርቱን ከጀመረች መንፈቅ ሳይሞላት፣ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት፣ ኮሮና መጣና ዩኒቨርሲቲውም ቴአትር ቤቱም ተዘጋ። እሷም ጓዟን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ጊዜ ሳሎኔ ውስጥ የሆነውን ብታዩ! ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፋ። መጋረጃዬ መጋረጃ ሆነ። እትዬ ከእኛው ጋር ከርማ ስለነበር መነጽሯን አድርጋ ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች፤ ልጅቱ ቃል ስትረሳ ታስታውሳታለች፤ ሌላ ሰው ሲያስፈልግ ደግሞ ተነስታ ትገባበታለች። አንዴ ንግሥት፣ አንዴ ዘበኛ ሆነች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። እንዴት እንደምትጫወት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ።

ልጄ ስለ ተከራይ ያለችው ነገር የገባኝም በዚያው ሰሞን ነው። ሆቴሉ ለእንግዳ፣ ሀገር ፍቅር ለጦርነት ንግግር፣ ማዘጋጃ ቤት ለአስተዳደር፣ ራስም ብሔራዊም ለሲኒማ የታሰቡ ነበሩ። ቴአትር በዚህ ከተማ በየሰው ቤት ጥግ ይዞ የኖረ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ሲቆጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ጥግ ያገኛል። አባቴ ከቤታቸው አስወጥተውት ነበር። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በልጅ ልጃቸው በኩል ዞሮ ገባ፤ እትዬንም ከጥጓ አስነሳት።

በ2016 ዓ.ም. የድሮዋ ፒያሳ ሰፊው ክፍሏ ሲፈርስ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ደጃፍ እየፈለገ ሲዞር ነበር። እኔም ዞሬአለሁ። ሕንጻ ያሳዝናል፤ ሕንጻ ግን አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም። እናንተም ልጅ ካላችሁ፣ ወይም አሥራ ሦስት ዓመታችሁ ሳለ ያሳበቃችሁባት እህት ካለቻችሁ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ትኬት ቆርጣችሁ ይዛችኋት ግቡ። ባትሪ ያለው ሞባይል መያዝ ግን አትርሱ።