በዛብህ ፈሪ ነበር?

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስናወራ ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ። ወንዶቹ በዛብህን አዘኑለት። ሴቶቹ ግን ተናደዱበት። አንዷ በደብረ ብርሃን ብርድ እጇን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ እንደሸሸገች «ቲቸር፣ እሱ ሲሸሽ እሷን ለማን ትቷት ነው?» አለችኝ።

ወንዶቹ ተንጫጩ። «ቢቆይ ይገድሉት ነበራ!»

እኔም እንደ ልማዴ ለበዛብህ ጥብቅና ቆምኩ። የድሀ ልጅ ነው፤ እናቱ የተሳለችበት ስለት ከልጅነቱ ጀምሮ አስሮታል፤ ቁራሽ እየለመነ ነው የተማረው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ በዘር ቆጠራ ያበዱ የልጅ አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት አምጥቶ ይደፍራል?

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ሰብለስ ከየት አመጣችው?» አለች።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነዋ! ከቤት ወጥታ የማታውቀው የባላባት ልጅ መነኩሴ መስላ በእግሯ ፍለጋ የወጣችው እሷ ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ጀግንነት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም በዛብህን እንዲያ የሳሉት። ጣሊያንን በጦር ሜዳ የተዋጉ፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቱንም ውስጡን ያውቁታል። ፈልገው ነው እንጂ ጎራዴ የሚመዝ ጎረምሳ መጻፍ አያቅታቸውም ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። በዛብህን ይህን ያህል የምከላከለው ለምን እንደሆነ የገባኝ የዚያን ቀን ማታ ነው።

ማስተማር የጀመርኩት አንኮበር ነው። እዚያ የምወዳት ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ መሬትም ከብትም ያላቸው፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ዲፕሎማና የኪራይ ቤት ነበረኝ። ዝውውር ስትጠይቅ አልነገርኳትም። አንድ ቀን በማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ከጎረቤላ መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መመለስ አያቅትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ «ቤተሰቦቿ እምቢ አሉኝ» እል ነበር። ጓደኞቼ፣ ይህን የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። ውሸት ነው። ማንም እምቢ አላለኝም። ሽማግሌ አልላክሁማ! አባቷን አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላነጋገርኳቸውም። እምቢታውን ራሴው ፈጥሬ ራሴው ሸሸሁ።

በዛብህን እንኳ የሚያሳድደው ሰው ነበረው። እኔን ማን አሳደደኝ?

እሷ ዛሬ ትዳር ይዛለች፣ ወልዳለች፤ እግዚአብሔር ይባርክላት። ይህን የምጽፈው የድሮውን ለመቀስቀስ አይደለም። በስሟ ሳይሆን በቤተሰቦቿ ስም የዋሸሁትን ለማረም ነው። ክፉ ሳይሆኑ ክፉ አድርጌ አውርቼባቸዋለሁ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ለዚያች ተማሪዬ «ልክ ነሽ፤ ሰብለ ያመጣችውን ድፍረት በዛብህም ሊያመጣው ይችል ነበር» አልኳት። ወንዶቹ አጉረመረሙ። አሁንም አዝንለታለሁ። ለእሱ ማዘንና እሱን ምሽግ ማድረግ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዛብህ ምንም ጥፋት የለበትም ብዬ ያስተማርኳችሁ ካላችሁ መጽሐፉን እንደገና አንብቡትማ። እናንተስ በማን ተናደዳችሁ?