የገበያ ደብዳቤ ለጀመረችው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እናትሽ «የመንግሥት ሥራ ትታ ኢሜይል ልትሸጥ ነው» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አስደንግጣለች። እኔ ግን ነገሩን ከሰማሁ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ባቱ ቤት ተከራይተሽ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለውን የሽንኩርትና የቲማቲም ወሬ በየሳምንቱ ለቅመሽና አጣርተሽ ለከፋይ ልትልኪ ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ መጻፍ መረጥኩ።

ሥራው አዲስ ስላልሆነ አትሸማቀቂበት። «አእምሮ» ጋዜጣ በ1890ዎቹ በግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደርስ ወረቀት ነበር፤ ስሙንም ያወጡለት አፄ ምኒልክ ናቸው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከአንድ ቡና ቤት የተነሳው የሎይድ የመርከቦች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1734 መታተም ጀመረ። የትኛው መርከብ የት ደረሰ የሚለውን ነገር መድን ሰጪና ነጋዴ ካልሆነ ማን ይፈልገዋል? እነሱ ግን ያለሱ ማደር አይችሉም ነበር። እዚሁ አገራችን ቱመርካቶን ተመልከቺ፤ በየጋዜጣው የወጣውን ጨረታ ሰብስቦ በየዘርፉ እየለየ ለደንበኞቹ ያደርሳል። ጨረታው ለሁሉም በአደባባይ የወጣ ነው። እኔ ራሴ አዲስ ዘመንን ስገዛ የኖርኩት ለዜናው አልነበረም፤ የፓምፕ ጨረታ ፍለጋ ነበር፤ ያንን ሁሉ ገጽ አገላብጬ አንዳንዴ ምንም ሳላገኝ እጥፈው ነበር። ሰው የሚከፍለው የማይመለከተው ነገር እንዲቀርለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽ ሲረዝም ሥራሽን አለመጨረስሽን እወቂ።

አንባቢዬ ገበሬው ነው ብለሽኛል። እዚህ ላይ አልስማማም። የመቂ ገበሬ ኢሜይል አይከፍትም። ቴሌግራም ላይ ታገኚዋለሽ፤ ግን የዛሬን ዋጋ ለመስማት አንቺን አይጠብቅም። ደላላው ገና በማለዳ አዲስ አበባ ደውሎ ማሳ ላይ ዋጋ ቆርጦ ጨርሷል። ሳምንታዊ ደብዳቤሽ እስኪደርስ ቲማቲሙ በሳጥን ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ ወጥ ሆኖ ተበልቷል። ኢሜይል የሚከፍተው ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ የሆቴል ግዢ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ካፌ፣ የዘርና የፀረ ተባይ አስመጪ፣ ለመስኖ የሚያበድር የማይክሮፋይናንስ ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅት የፕሮጀክት ቢሮ፣ እንደ መቂ ባቱ ያለ የአትክልትና ፍራፍሬ ዩኒየን።

እነዚህን ሰዎች የዛሬው ዋጋ ብዙም አይጠቅማቸውም። የሚፈልጉት የሚመጣውን ነው፤ እሱ ደግሞ ለሚያይ ሰው አስቀድሞ ይታያል። ሽንኩርት ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ በጥቅምት ችግኝ የሸጠ ሰው የየካቲትን ገበያ በእጁ ይዞታል ማለት ነው። ችግኝ የሚያፈሉትን ጠይቂ። የፓምፕ ጥገና ቤቶችን ጠይቂ፤ ተከላ ከመብዛቱ በፊት የእኔ የፓምፕ ሱቅ የመለዋወጫ ፈላጊ ይበዛበታል፤ ይህንን ስታቲስቲክስ ቢሮ አይነግርሽም። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር በናፍጣ ፓምፕ የሚያጠጣው ማሳውን ይቀንሳል። ክረምቱ ሲበረታ የሽንኩርት አቅርቦት ይሳሳል፤ እንቁጣጣሽ ደግሞ ዶሮ ወጥ ይዞ ከተፍ ይላል። ሁዳዴ ሲገባ የቲማቲም ፈላጊ ይበዛል፤ ለፋሲካ ሽንኩርቱ እንደገና ይነሳል። ይህንን ሁሉ ገበያተኛ በልቡ ያውቀዋል፤ ግን ዓመት ከዓመት አስተያይቶ የጻፈው እኔ አላየሁም። ዘንድሮ የጻፍሽውን ሳትጥዪ ካስቀመጥሽ በሦስተኛው ዓመት ማንም ሊገለብጠው የማይችል ንብረት ይኖርሻል።

ዋጋ ብቻም አይበቃም። በ2004 ዓ.ም. ቱታ አብሶሉታ የሚሉት ተባይ ወደ አገራችን ሲገባ የቲማቲም ቅጠሉና ፍሬው እየተቦረቦረ ብዙ ሰው ከሰረ። መልካሳ ምርምር ማዕከል ከእኛ ደጅ ቅርብ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሚያዩትን በአንድ አንቀጽ፣ በሚገባ አማርኛ ብታደርሺ ያ አንቀጽ ብቻውን የዓመቱን ክፍያ ያወጣል። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጃን ሜዳው ለጥምቀት ሲለቀቅ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ ቲማቲም የጫነ ኢሱዙ የት እንደሚያራግፍ ቀድሞ ማወቅ ስንት ብር ነበር? የአንቺ ሥራ እንዲህ ያለውን ከጩኸቱ መሃል ለይቶ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ገንዘቡ።

5,000 ሰው በነፃ ቢያነብሽ ደስ ይልሽ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልልሽም። 60 ቢሮ በዓመት 6,000 ብር ቢከፍሉሽ 360,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግብሩን፣ ስልኩን፣ በሚኒባስ መቂና ሻሸመኔ የምትመላለሺበትን ቀንሺ። ሀብታም አያደርግሽም፤ ያኖርሻል። እንደ ሰብስታክ ያሉት የውጭ መድረኮች ገንዘብ የሚሰበስቡት በስትራይፕ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ጋ አይሠራም። ብሩን በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበዪ፤ መላኪያውን ግን የፈለግሽውን ተጠቀሚ። ከሁሉ በፊት ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አውጪ፣ ደረሰኝ አሳትሚ። ደረሰኝ የሌለውን ነገር ቢሮ አይገዛም፤ የሒሳብ ሠራተኛው ቢወድሽ እንኳ አያወራርደውም። በወር በወር አትጠይቂያቸው፤ ለ500 ብር የክፍያ ማዘዣ የሚያዞር የለም፤ የዓመቱን በአንዴ ይክፈሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ሰኔ ላይ የተረፈውን ብር የት እንደሚያውለው የጨነቀው ኃላፊ አይጠፋም። ያን ጊዜ ፊቱ ተገኚ።

የሰው ኢሜይል ከየቦታው እየለቀምሽ ሳታስፈቅጂ አትላኪ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም ነውር ነው። «አልፈልግም» ያለውን በዚያው ቀን አውጪው። ከጋዜጣ ስትወስጂ ምንጩን ጥሪ፤ ወሬውን በራስሽ ቃል አሳጥረሽ ንገሪ እንጂ የሰው ጽሑፍ እንዳለ አትገልብጪ።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ደጋግመሽ አንብቢው። ደብዳቤሽ የታመነ ዕለት ደላላ ይመጣል። በትሕትና ነው የሚመጣው፤ ቡና ይጋብዝሻል፣ እህቴ ይልሻል፣ የባቱን ዋጋ ከማንም በፊት ይነግርሻል። የሚነግርሽ ዋጋ ግን እንዲሆን የሚፈልገው ዋጋ ነው። ገበሬው ደግሞ ከፍ አድርጎ ይነግርሻል፣ ገዢው ዝቅ አድርጎ። ሦስቱንም ሳትጠይቂ ቁጥር አትጻፊ፤ ካልተስማሙልሽ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ጻፊ፣ ወይ ተዪው። ባዶ መስመር ያለው ደብዳቤ ሰው አያስቀይምም።

ከደላላው ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ነው፤ ከእሱ ይብሳል። ድሮ እዚሁ አዳማ አንድ ሰው የሸቀጥ ዋጋ እየሰበሰበ በፋክስ ለነጋዴ ይልክ ነበር። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት የእሱን ወረቀት ሳናይ ሱቅ የማንከፍት ነበርን። ኋላ አንድ አከፋፋይ በወር ይቆርጥለት ጀመር። ወረቀቱ ላይ ሐሰት አልወጣም፤ የአከፋፋዩ ተቀናቃኝ ዋጋ ብቻ ከዝርዝሩ ጠፋ። ይህን ለማወቅ ነጋዴው ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን በነፃ ቢያመጣም የሚያነበው አጣ። አሜሪካዊው ኪፕሊንገር እ.ኤ.አ. በ1923 ዋሽንግተን ላይ ለነጋዴዎች ሳምንታዊ ደብዳቤ ሲጀምር ማስታወቂያ አልተቀበለም፤ የሚኖረው አንባቢ በሚከፍለው ነበር፤ ደብዳቤው ዛሬም አለ። በአንቺ መንገድ ላይ ዘር ሻጩ፣ መድኃኒት ሻጩ፣ ፓምፕ ሻጩ ብር ይዞ ይቆማል። የመጀመሪያውን ዓመት ቢርብሽም እምቢ በያቸው። ከዚያ በኋላ ሳይቸግርሽ ብትቀበዪ፣ ማስታወቂያ መሆኑን ጽፈሽ፣ ከዋጋው ዝርዝር አርቀሽ አውጪው።

ኦሮምኛሽ ደግሞ አይዛግብሽ። አማርኛው ደብዳቤ ለአዲስ አበባው ቢሮ ይበቃል፤ ወሬው የሚገኘው ግን በኦሮምኛ ነው። የአዳሚ ቱሉ ገበሬ ስልኩን ሲያነሳ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳትጠይቂ ዘለሽ ወደ ሽንኩርት ከገባሽ ሁለተኛ አያነሳልሽም። ወሬ በነፃ ያካፈለሽንም ሰው ባዶ እጁን አትተዪው፤ የአዲስ አበባውን ዋጋ በአጭር መልእክት ላኪለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳሽ ነው።

እናትሽ በሶና ሽሮ እያዘጋጀች ነው፤ ከሹፌር ጋር እንልካለን። እስከ ፋሲካ ያለውን ኪራይ እኔ እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤሽ ይቻልሽ። የሱቁንም ስም ከከፋዮችሽ ጻፊ፤ የዓመቱን 6,000 ብር በባንክ አስገባለሁ፣ ደረሰኙን ላኪልኝ። ግን እኔም ፓምፕ ሻጭ ነኝ። የፓምፕ ዋጋ ባወጣሽ ቁጥር የእኔን ሱቅ ተዪውና ከሌሎቹ ጠይቂ፤ ከእኔ የረከሰ ካገኘሽም ሳትፈሪ አውጪው።

አባትሽ፣
ከአዳማ