ቀን ያለው ጎማ

የዲትሮይቱ ዉድዋርድ ጎዳና ከወንዙ ዳር ተነስቶ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዘልቅና ፖንቲያክ ከተማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1909 አንድ ማይል ያህሉ በኮንክሪት ተነጥፏል። ሄንሪ ፎርድ በ1913 መኪና እየተንቀሳቀሰ የሚገጣጠምበትን መስመር የጀመረበት የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካም የሚገኘው በዚሁ ጎዳና ዳር ነው። የአካባቢው ሰው መኪናውን የሚወደው የእኛ ገበሬ በሬውን እንደሚወደው ነው፤ ስም ያወጣለታል፣ ያጥበዋል፣ ለሰው ያሳየዋል።

ከ1995 ወዲህ በኦገስት ወር ሦስተኛ ቅዳሜ፣ በእኛ ነሐሴ አጋማሽ መሆኑ ነው፣ አሮጌ መኪኖች በዚህ ጎዳና ላይ በዝግታ ይንሸራሸራሉ። አያቶችና የልጅ ልጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ወጥተው ዳር ዳሩን ተቀምጠው ያያሉ። ከሁሉ በላይ ጭብጨባ የሚቀበሉት “ማስል ካር” የሚባሉት ናቸው። መነሻቸው በብዙዎች ዘንድ የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው፤ ለመካከለኛ የቤተሰብ መኪና የተሠራ አካል ላይ ትልቅ ሞተር ተጭኖበት። ሞተሩ ጎበዝ፣ ጎማው ግን ቀጭን፣ የብዙዎቹም ፍሬን ታምቡር ነበር።

ሴት ልጄ ትዳር ይዛ የምትኖረው ከዚህ ጎዳና ብዙ ሳትርቅ ነው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ አማቼ የ1967 ፎርድ ማስታንግ ገዝቶ ከ16 ዓመት ልጁ ጋር ሊያድሳት ደፋ ቀና ሲል አገኘሁት። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ልጁ የሚያብረቀርቅ 17 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል፤ አባትየው ደግሞ ጠንካራ የኋላ ዲፈረንሻል። “እማዬ፣ ጎማው ገና አዲስ ነው፤ ጥርሱን ይዩት እንጂ” አለኝ አማቼ። ጥርሱ እውነትም ሙሉ ነበር።

ነገሩን የፈቱልን አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠረጉና አራት ቁጥሮች አሳዩን፤ 1109። በ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የልጅ ልጄ “እማማ፣ እኩያዬ ነው!” ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ከመውጋቴ በፊት የመድኃኒቱን ቀን ሳነብ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ጠርሙሱ የቱንም ያህል ቢያምር ቀኑ ካለፈ አይሰጥም። ጎማ ላይ የሚጻፈው የተሠራበት ጊዜ እንጂ የሚያበቃበት አይደለም፤ ላስቲኩ ግን መኪናው ቆሞም ቢሆን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በፍጥነት ሲነዳና ሲግል ሊገነጠል ይችላል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች በስድስት ዓመት ቀይሩት ይላሉ፤ አንዳንድ የጎማ አምራቾች ደግሞ ቢበዛ 10 ዓመት።

ስለዚህ ጎማ ቀደመ። ቸርኬውስ? መኪናዋ ስትሠራ 14 ኢንች ነበረች፤ በዚያ ልክ ዛሬ የሚገኘው ጎማ ጥቂት ነው። 17 ኢንች ከሆነ የጎማው ጎን ስለሚያንስ ጉድጓዱን ሁሉ ወገብ ይቀበለዋል፤ የሚመጥነውን ስፋት መምረጥም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መካኒኩ መሀሉን መረጡ፤ 15 ኢንች ቸርኬ ከ215/60 ጎማ ጋር። 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ፣ ማለትም 129 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል።

አማቼ ከራቭፎር የወጣ ርካሽ ቸርኬ አይቶ ነበር። እውነት ነው፣ ሁለቱም አምስት ብሎን አላቸው፤ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብም እኩል 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን የዘመኑ ቸርኬ አቀማመጡ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጎማው ባሌስትራውን ሊነካ ይችላል። ቀዳዳው ገጠመ ማለት ቸርኬው ልክ ሆነ ማለት አይደለም።

ዲፈረንሻሉ ላይ አዛውንቱ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ “ለውድድር ነው ወይስ ለቤተሰብ?” ማስታንጓ ያላት የፎርድ ባለ 8 ኢንቹ ነው። ለከባድ ሞተር የሚመረጠው ታላቅ ወንድሙ ባለ 9 ኢንቹ ነው። አማቼ ባለ 4.11 ጥርስ ፈልጎ ነበር፤ መኪናዋን ከቆመችበት ታስፈነጥራለችና። ግን በ3.00 ጥርስ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ጊዜ ያህል የሚዞር ከሆነ፣ በ4.11 ወደ 3,560 ይጠጋል። ጩኸቱም ነዳጁም ይጨምራል። ሞተሩ እንደነበረው እስከሆነ ድረስ ባለ 8 ኢንቹ በቂ ነው ተባለ፤ ኩሽኔታውና የዘይት መከላከያ ጎሚኒው ታድሶ ይቀጥል።

የተረፈው ገንዘብ ለፊት ዲስክ ፍሬን ዋለ። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ኋላ ወንበር ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ ባለበት መኪና የልጅ ልጄ ሊሄድ ነውና፣ ከመብረሯ መቆሟ ይበልጥብኛል።

ለእናንተም አያቶችና ወላጆች፣ መኪናችሁ ማስታንግ ባትሆንም ሥራው አንድ ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጎሚስታው ስለ ጥርሱ ሲያወራችሁ እናንተ አራቱን ቁጥሮች ፈልጉ። በአንዱ ጎን ካላያችሁት በሌላው ጎን ሊሆን ይችላል። ትርፍ ጎማውንም አትርሱ፤ ሳይነካ የሚያረጀው እሱ ነው። አዲስ ጎማ ከታሰረ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ዳዶው እንደገና ይጥበቅ።

የዉድዋርዱ ቅዳሜ ሲደርስ ማስታንጓ በ15 ኢንች ቸርኬዋ ወጣች፤ ብዙም ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። የልጅ ልጄ ግን በቆሙት መኪኖች መካከል እየዞረ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ቁጥር ያነብልኝ ጀመር። “እማማ፣ ይሄኛው ከእኔም ይበልጣል!”