የሆምዝ አውራጃ ኑሮና ሚዛኑ

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፥ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ውስጥ፥ ሆምዝ የሚባል አውራጃ አለ። አገሩ ኮረብታማ ነው፤ ኪልባክ የተባለ ወንዝ ይፈስስበታል፤ ዋና ከተማውም ሚለርስበርግ ትባላለች። አውራጃው የተመሠረተው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ2020 ዓ.ም. ቈጠራ 44,223 ሰዎች ተገኝተውበታል። ከእነዚህም እኩሌታ የሚያህሉት አሚሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ናቸው።

አሚሽ የተባሉት ከመሪያቸው ከያኮብ አማን የተነሣ ነው፤ እርሱም በ1693 ዓ.ም. በስዊስና በአልዛስ በነበረው ማኅበር መለያየት በተነሣ ጊዜ ያንደኛውን ወገን የመራ ሰው ነው። በቤታቸው ከጀርመንኛ የወጣ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ፤ በመንገድ ዳር ከተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ቤታቸው መብራት አይስቡም። ልጆቻቸውም ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይማሩም፤ ይህንንም የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1972 ዓ.ም. ፈቅዶላቸዋል።

ዛሬ የአንድን አገር ኑሮ የሚመረምሩ ሰዎች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈጸመ ስንት ነው? የሕክምና ኢንሹራንስ ያለው ስንት ነው? ሥራ የፈታስ ስንት ነው? በፊተኞቹ በሁለቱ ሆምዝ በኦሃዮ አውራጃዎች ኋላ ይቆማል፤ በሦስተኛው ግን ሥራ ፈት ከማይበዛባቸው አውራጃዎች ብዙ ጊዜ በግንባር ይቈጠራል። እንግዲህ ያው አንዱ ሕዝብ በአንዱ ሚዛን ድኻ፥ በሌላው ባለጸጋ ሆኖ ይታያል።

ኢንሹራንስ የለውም ማለትም ረዳት የለውም ማለት አይደለም። አሚሹ የታመመ እንደ ሆነ ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ የሆስፒታሉን ዕዳ ይከፍልለታል፤ ጐተራው የተቃጠለበት እንደ ሆነ ጐረቤቶቹ መዶሻቸውን ይዘው ይመጡና መልሰው ያቆሙለታል። መንግሥትም ድኾቻቸውን ራሳቸው እንደሚረዱ አይቶ፥ በ1965 ዓ.ም. በግል ሥራ የሚተዳደሩትን ከጡረታ ግብር ነፃ እንዲሆኑ ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ኑሮው መከራ የለበትም ማለት ሐሰት ነው። በኮረብታው መንገድ መኪና ከጋሪ ጋራ ተጋጭቶ ሰው ይሞታል። በስምንተኛ ክፍል ያቆመ ልጅ ኋላ ሌላ ሥራ ቢመኝ በሩ ጠብቦ ይቈየዋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የመሬት ነገር ነው፤ ልጆች ይበዛሉ፥ እርሻ ግን አይበዛም፥ ዋጋውም ይወደዳል። ስለዚህ ዛሬ ከአባቶች የሚበዙት ከሞፈርና ከቀንበር ተለይተው በዕቃ ቤት ጠረጴዛና ወንበር ይሠራሉ፥ ወይም ቤት ለመሥራት ሩቅ ይሄዳሉ። ቀድሞ ልጁ ካባቱ ጐን እየሄደ ሥራንም ጠባይንም ይማር ነበር፤ አሁን አባቱን የሚያየው ሲመሽ ነው። የኑሯቸው ሥር የተነካው እዚህ ላይ ነው።

ጐብኚውም ጸጥታውን ለማየት ይጐርፋል፤ ገንዘቡ ቤተ ሰብን ይመግባል፥ መኪናው ግን መንገዱን ያጣብባል። ጸጥታን ፈልጎ የሚመጣ ሰው እንዳያደፈርሰው ይጠንቀቅ፤ ይህ በእንግድነት ለሚያድር ሁሉ የሚገባ ምክር ነው።

የአንድ አገር ኑሮ መልካም መሆኑ በምን ይታወቃል? ገንዘቡም ትምህርቱም ይቈጠር፤ ነገር ግን በሽተኛው በተኛ ጊዜ ደጁን የሚመታ ሰው መኖሩና አለመኖሩ አብሮ ይጠየቅ።