ሳያጣሩ ዕቃ ማስቀየር

የሰው ልጅ ሪዝቁን የሚፈልግበት ሙያ ሁሉ አማና አለበት። ነጋዴው በሚዛኑ፣ ልብስ ሰፊው በጨርቁ ትራፊ፣ መካኒኩ ደግሞ ባለመኪናው በማያውቀው ነገር ይጠየቃል። ባለመኪናው የተባለውን አምኖ ከመክፈል በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ግምት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሌላ ቤተሰብ ገንዘብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን የክራንክ ሻፍት ፖዚሽን ሴንሰር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት። ክራንክ ሻፍት የፒስተኖችን መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጥ የሞተር ዘንግ ነው። ሴንሰሯ ከዘንጉ ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ክብ እየተከታተለች አቀማመጡንና ፍጥነቱን ለመኪናው ኮምፒዩተር ትነግራለች። ኮምፒዩተሩም ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ ነዳጁ መቼ እንደሚረጭ በዚያ ይወስናል። የእርሷ ወሬ ሲቋረጥ በብዙ መኪኖች ሞተሩ ይጠፋል።

በ2016 የካቲት ወር ከወልቂጤ በአገና በኩል ወደ ቡታጅራ ስንጓዝ የቤተሰባችን መኪና ሲሞቅ ይጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀዘቅዝ ይነሳ ጀመር። አንድ ጋራዥ ምንም ሳይፈትሽ «የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ ይቀየር» አለን። ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ነበር። ቡታጅራ ያገኘነው ወጣት መካኒክ ግን «ጋሼ፣ ሳላረጋግጥ ዕቃ አላስገዛዎትም» አለኝ።

በማንበቢያው ፒ 0335 የሚል ኮድ አገኘ። ኮዱ የሚናገረው የሴንሰሯ መልእክት እንደጎደለ ብቻ ነው፤ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ሶኬቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አየ፤ ደህና ናቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሴንሰሯን በቴስተር ለካት፤ እርሷም ደህና ናት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እርሱ ግን ሞተሩን እስኪጠፋ አሠራው። ሞተሪኖው እያዞረ ዙር ቆጣሪው ከዜሮ አልተነሳም፤ የካንዴላ እሳት የለም፤ የነዳጁ ግፊት ግን ሙሉ ነው። ሴንሰሯን በትኩሱ ሲለካት ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ ተቋርጧል። በኦም የምትለካው እንዲህ ያለችው ባለሁለት ሽቦ ናት። ብዙውን ጊዜ ባለሦስት ሽቦዋ የሚገባላት ኤሌክትሪክና የምታወጣው ምልክት ነው የሚታየው።

መቀየሩ አጭር ነበር። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀለ፣ ቡሎኗን ፈታ፣ ቦታውን አጸዳ፤ የአዲሷን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብቶ ያለ መዶሻ በእጁ አስገብቶ አሰራት። ኮዱን አጥፍቶ ዳገት ላይ ፈተነው። ፓምፑ እስከ ዛሬ የቀድሞው ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰውን እንዳንጎዳ ያስተምረናል። ይህ ለምላስ ብቻ ሳይሆን ለእጅ ሥራም ነው። ሙያ የምትማሩ ወጣቶች፣ ከመፍታታችሁ በፊት መለካትን ልመዱ። ባለመኪኖችም «በምን አረጋገጥክ?» ብላችሁ በአደብ ጠይቁ፤ የተነቀለውንም ዕቃ ተረከቡ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንን ታማኝ ያድርግልን። አሚን።