እርሾው ሲታጠብ

"እኛ" ስንል ይኼን ጽሑፍ የሚጽፈው የሥነ ጽሑፍ ተማሪና ከሱ ሦስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ማለታችን ነው። ጥፋቱ የጋራ ስለነበረ ተናዛዡም የጋራ ይሁን ብለን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ፥ አቃቂ በሰቃ፥ እቤታችን ነው። ጎረቤታችን ሰፈር ሲለቅ "ከምጥለው ውሰዱት" ብሎ አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሰጠን። ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር። አባዛነውና 54 ሊትር ሆነ። የቤታችን መጨረሻ ማሙሽ፥ የስምንት ዓመት ልጅ፥ ያን ሰሞን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ስለነበር ሁለት ወርቃማ ዓሣ ይገባኛል አለ።

"በደንብ ትይዙልኛላችሁ?"

"ዩኒቨርስቲ የምንማረው ለምን ሆነና!" አልነው። ይቺን መልስ አንባቢ ያዝ ያድርግልን።

ዓሣ ሻጩ የማጣሪያ ዓይነቶችን ደረደረልን። አንደኛው ከመስታወቱ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ውኃውን እየሳበ እንደ ትንሽ ፏፏቴ የሚመልስ ነው። ሁለተኛው ከገንዳው በታች የሚቀመጥ፥ ክዳኑ ግጥም ያለ፥ በሁለት ቱቦ የሚተነፍስ ባልዲ መሳይ ነገር። ሦስተኛው ሞተሩና ስፖንጁ ተጣምረው ውኃ ውስጥ የሚጠልቁበት። የመጨረሻው ደግሞ ተራ ስፖንጅ ሆኖ የአየር ፓምፕ በቀጭን ቱቦ አረፋ የሚሰድበት። ይኼን የመጨረሻውን አይተን ሳቅን። እንደ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ከማለት በቀር ምንም የሚሠራ አይመስልም። ሞተር ያለውን መረጥን። በሰዓት የገንዳውን ውኃ አራት አምስት ጊዜ የሚያዞር ከሆነ ይበቃል ተብለን ነበርና ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይተን ረካን። ስለ ማጣሪያ ያነበብነው ነገር ቢኖር ያቺ ካርቶን ብቻ ነበረች።

ውኃው እንደ አረቄ ጠራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጋረጃ ገልጠን እናሳያለን። በሁለት ሳምንቱ ስፖንጁን ብናወጣው ቡኒ ሆኗል፤ ሲነኩት ያዳልጣል። "ጉድ! በዚህ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖሩት!" አልንና ቅዳሜ ጧት ግቢ ካለው ቧንቧ ሥር አሽተን አሽተን ነጭ አደረግነው። ገንዳውንም ጨርሰን ደፍተን፥ ፈትገን፥ በአዲስ የቧንቧ ውኃ ሞላነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ያፈሰስነው ውኃ ነውና የሚለቀም አልተገኘም።

ሰኞ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ማድረግ ጀመሩ። ራባቸው ብለን ምግብ ጨመርንላቸው። ሐሙስ አንዱ፥ ዓርብ ሌላው ሞተ። ውኃው ግን እስከ መጨረሻው ጥርት እንዳለ ነበር።

ማሙሽ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለን ነበር። "ዩኒቨርስቲ ስለ ዓሣ አያስተምሩም እንዴ?" ብቻ አለ።

ኀፍረቱ አላስቀምጥ ሲለን አራት ኪሎ ሳይንስ የሚያጠና ጓደኛችንን ጠየቅን። እንዲህ አስረዳን። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ደግሞ አይታይም። ስፖንጁ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይኼኛው ጉዳቱ የቀለለ ነው፤ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውኃ በመቀየር ይወጣል። እንዲህ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሩሲያዊው ሳይንቲስት ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያጠናው በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ባክቴሪያዎቹ ከባዶ ተነሥተው በቂ እስኪሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ደግሞ ይገድላቸዋል፤ የተጨመረበትም ለዚሁ ነው። እኛ ገና መስፈር የጀመሩትን በክሎሪን አጥበን፥ ዓሦቹንም በዚያው ክሎሪን ውስጥ ከትተን፥ ምግብ ጨምረን መርዙን አበዛነው።

ይኼን ሁሉ ለእናታችን ስንተርክላት ቡሃቃው ላይ ጎንበስ ብላ ታቦካ ነበር። እጇን ሳታወጣ፦

"በሉ እንግዲህ፥ እርሾውን ነዋ ያጠባችሁት!" አለች። "እኔ እርሾ ሳላስቀር ቡሃቃውን በኦሞ ፈትጌ ብደፋው የነገው ሊጥ በምን ኩፍ ይላል?"

እርስ በርስ ተያየን። ጓደኛችን በወረቀት ላይ ቀስት እየሣለ ግማሽ ሰዓት የደከመበት ነገር ባንድ ቃል አለቀ። ማጣሪያ ማለት ወንፊት ነው ብለን ነበር፤ እድፉን ይይዛል፥ እኛ እንደፋለታለን። ለካ ዋናው ሥራው ማስቀረት ሳይሆን ማኖር ኖሯል። ስፖንጁ ቤት ነው፤ ቡኒው ነገርም ባለቤቱ።

"ታዲያ ከባዶ ስድስት ሳምንት ልንጠብቅ ነው?" አልናት።

"ጎረቤት እርሾ ይከለክላል እንዴ? ሂዱ ለምኑ።"

ሳሪስ ዓሣ የሚያረባ ሰው አገኘንና ከቆየ ማጣሪያው አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ቆርጦ ሰጠን። እንዳይደርቅ ከራሱ ገንዳ ውኃ ጋር ፌስታል ውስጥ አድርገን፥ ታክሲ ውስጥ በጭናችን ይዘን፥ የተሳፋሪውን ግልምጫ ችለን አቃቂ ገባን።

በዚህ ጊዜ የሳቅንበትን ማጣሪያ ነበር የገዛነው። ምክንያቱ መብራት ነው። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ባልዲ መሳዩ ዝግ ማጣሪያ መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያሉት ይታፈናሉ፤ መብራት ሲመጣም የሸተተውን ውኃ ወደ ዓሣው ይገፋል። ተራው ስፖንጅ ግን ገላጣ ውኃ ውስጥ ስለሚቆም ያለ መብራትም የተሻለ ይታገሣል። ዋጋውም ለኛ ኪስ ይስማማል። አንድ ነገር ግን ሳንማር አላለፍንም። ፓምፑን ቡፌው ሥር መሬት ላይ አስቀምጠነው መብራት ጠፋ፤ ውኃው በአየሩ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ምንጣፉን አራሰው። ፓምፕ ከውኃው ወለል በላይ ይቀመጣል። እናታችን ይኼን ከኛ ቀድማ ታውቅ እንደነበር በግልምጫዋ ገባን።

ስፖንጁ ዙሪያ ደግሞ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ድንጋይ አጥበንና ቀቅለን ከመርን። እሳተ ገሞራ የተፋው፥ ቀዳዳው ብዙ፥ ለባክቴሪያ መንደር የሚሆን ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚቀዳባቸው የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም የተቆፈሩት እንዲህ ዓይነት ድንጋይ በሞላበት መሬት ነው። ውኃችን ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ያደረበትን ድንጋይ መልሰን ገንዳው ውስጥ አገኘነው። የቧንቧውንም ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት እናሳድረዋለን። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳነው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ፤ በቃ። ነጭ እስኪሆን የሚባል ነገር የለም።

ባዶ ገንዳ ውስጥ ቁንጥር ምግብ ለባክቴሪያዎቹ እየጣልን፥ በጓደኛችን መለኪያ እየለካን ጠበቅን። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ፥ ናይትሬት ብቻ ሲታይ፥ መስከረም አጋማሽ ላይ ዓሣ ገዛን። አንድ። ማሙሽ ሁለት ነበር የተባልኩት ብሎ ተከራከረ። ወርቃማ ዓሣ ብዙ ይበላል፥ ብዙ ያወጣል፤ ለ54 ሊትር አንዱም ሲያድግ ይበዛበታል። ማጣሪያ ምን ቢበረታ ከአቅሙ በላይ ከሰጡት ይሸነፋል አልነው።

አሰበና፦ "ወንዛችንም እንደሱ ነው?" አለ።

አላሰብንበትም ነበር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወርደው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። የወንዝ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠው ነገርም ሕይወት ነው፤ ወንዝ በራሱ መንገድ ያጣራል። ቃሊቲ ያለው የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም የሚሠራው በባክቴሪያዎች ጉልበት ነው። ነገር ግን ከየመጸዳጃውና ከየፋብሪካው የሚለቀቀው ከአቅም በላይ ሲሆን ወንዙ ይጠቁራል፤ እንቦጭም ሐይቁን ያለብሰዋል። ይኼን ለማሙሽ ስንነግረው "ታዲያ ለሱ ማን ይቀንስለታል?" አለ። እስካሁን አልመለስንለትም። ዩኒቨርስቲ የምንማረው ለምን ሆነና የምትለዋን ቃል ግን አልደገምናትም።

ዓሣው ዛሬም አለ፤ ትልቅ ገንዳ እያጠራቀምንለት ነው። ስፖንጁ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። እንግዳ መጥቶ "ምነው ይኼን ነገር አታጥቡትም?" ሲል እኛ ዝም እንላለን። መልሱን የምትሰጠው ከጓዳ እናታችን ናት፦

"ተዉት፤ እርሾ ነው።"